ሲስተር ቀስ

የቀኝ እጁን ጨርሳ ግራውን ይዛለች። የጥፍር መቁረጫው ቀጭ ባለ ቁጥር አንዲት ቁራጭ ጭኗ ላይ ወደተነጠፈው ፎጣ ትወድቃለች፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት ስስ። በመስኮቱ ፍርግርግ የገባው የከሰዓት ፀሐይ የታካሚውን ጉልበትና የእሷን ጫማ አንድ ላይ ይዟቸዋል።

መሐንዲሱ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ሥራው መንገድና ድልድይ ነው፤ የአሸዋና የሲሚንቶን ልክ በዓይኑ የሚለይ ሰው ነው። ይህችን ሴት ግን በምን እንደሚለካት አያውቅም። አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሙ ነው። በልጅነቱ አፉ ስለማያርፍ ቤተሰቡ «ራዲዮ» እያለ አሳደገው። አድጎ ሌላ ሰው የማይሰማውን ጣቢያ ማዳመጥ ሲጀምር ነው እዚህ የአእምሮ ሆስፒታል ያመጡት። ጥፍሩን የምትቆርጥለት ደግሞ የወንዶቹ ክፍል ዋና ነርስ ናት።

ዋና ነርስና ጥፍር መቁረጥ ምን አገናኛቸው? አዲስ የሚመጡት ነርሶች ይህን ሳይጠይቁ አይቀሩም። መልሷ አንድ ነው፦ «እጁን ይዛችሁት የማታውቁትን ሰው አወቅነው አትበሉ።» መድኃኒት የበዛበት ጣቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሌሊቱ የከበደው ጥፍሩን ሲበላ ያድራል፤ የፈራ ሰው መዳፉ ይረጥባል። ሐኪሙም ጠዋት ሲዞር መጀመሪያ የሚጠይቀው እሷን ነው።

በክፍሉ ስሟን የሚጠራት የለም። «ሲስተር ቀስ» ነው የሚሏት። ሲሮጥ ለተገኘ ነርስ፣ ለሚጮህ ቤተሰብ፣ በር ለሚያላትም ሁሉ የምትለው ይህችን አንድ ቃል ነውና። ዘበኛው «ሲስተር ያለችበት ቤት እሳት እንኳ ቢነሳ ቀስ ብሎ ነው የሚነድ» ይላል።

«ሲስተር» አለ ራዲዮ፣ ጣቱን እንደሰጣት። «ያ በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ታካሚ ነው ጠያቂ?»

«ጠያቂ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይጠይቀኝም? አንቺን ብቻ ነው የሚያየው።»

አንገቷን ይበልጥ ደፋች። «ጣትህን አታንቀሳቅስ» አለችው፤ ጣቱ ግን ንቅንቅ አላለም ነበር።

ፎጣውን አጣጥፋ ስትነሳ ወደ መሐንዲሱ መጣች። «ይግቡ እንጂ። በር ላይ የሚቆም ሰው ያስጨንቃቸዋል» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። አጠገቡ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሐኪሙ ካንተ ወንድም ጋር ጨርሷል። ዛሬም ልጠይቅህ። መቼ ነው ቤቱ የምትወስደው?»

«የእህቴ የሠርግ ነገር ይለፍልኝ።»

መልሱን ስለለመደችው አልተቆጣችም። አንዴ ብቻ ቀና ብላ አየችው። በዚያች እይታ ውስጥ የሆነ ልመና ያየ መሰለው፤ ከዚያ ወዲያው «እኔ ማን ሆኜ» ብሎ ተወው።

ምክንያት ነበረው። ባለፈው ዓመት ግቢው ውስጥ ካለው የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ምላሱ እየተሳሰረ፣ እንደሚወዳት ነግሯት ነበር። እሷም ረጅም ጊዜ እጆቿን ስታይ ቆይታ «ወንድምህ እዚህ እያለ እኔ የወንድምህ ነርስ ነኝ። ሌላ ነገር አትጠይቀኝ» አለችው። የጨዋ ሰው እምቢታ ነው ብሎ ተቀበለው። ከዚያ በኋላ የቀረለት የጠያቂ ሰዓት ብቻ ነበር።

እሷ ከወጣች በኋላ ራዲዮ አዲስ የተቆረጡ ጣቶቹን ዘርግቶ እያየ ሳቀ። «እብድና ዘመናይ የልቡን ይናገራል ይባል የለ? እኔ እብዱ ነኝ፣ አንተ ዘመናዩ። ይኸው ሁለታችንም ዝም።»

መሐንዲሱ ሊስቅ ሞከረ። 

*

ቅዳሜ ዕለት እናቱን፣ እህቱንና የእህቱን እጮኛ እናት ይዞ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥበት መንገድ ላይ ነበር። ሴቶቹ መጋረጃ ይመርጣሉ፤ እሱ ጥቅል ተሸካሚ ነው።

የእጮኛዋ ቤተሰቦች የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ዘር ይጠይቃሉ፤ ዘር ብቻ ሳይሆን በዘር የሚመጣ ሕመም ይጠይቃሉ። እናቱ ይህን ገና ከጅምሩ ስላወቀች፣ ሁለተኛው ልጇ ውጭ አገር ነው ብላ ነገሩን ዘጋችው። አንዴ ውጭ አገር ከሄደ መመለሻው ጠፋ። ሲጠየቅ ደህና ነው፤ ሥራ በዝቶበታል፤ ይደውላል።

ሲስተርን ከሩቅ ነው ያያት። የነርስ ልብሷን ሳትለብስ ትንሽ ትመስላለች። ግራጫ ካፖርት ደርባ ብርቱካን በፌስታል ይዛ በእነሱ አቅጣጫ ትመጣለች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እጁ ከጥቅሉ ሥር ወጥቶ ሊነሳ ጀመረ።

እሷ ግን ዓይኗን ከፊቱ ላይ አንስታ የሱቁ መስታወት ላይ አሳረፈችው። እርምጃዋ አልፈጠነም፣ አልዘገየም። በአጠገቡ አለፈች። ሊነሳ የጀመረው እጁ ኮሌታውን አስተካክሎ ወረደ።

«ይቺ ሴት ታውቅሃለች እንዴ?» አለች የእጮኛዋ እናት። «ልትስቅልህ ነበር መሰለኝ።»

«አላውቃትም» አለ።

ድምፁ ካሰበው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። ግራጫው ካፖርት ገና አልራቀም ነበር። እናቱ ክንዱን ጨበጥ አደረገችው፣ «ተባረክ» እንደማለት። ያ ምስጋና ከጥፊ ይልቅ አቃጠለው።

*

ሰኞ የአንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ አገኛት። ከእጥበት የተመለሱትን አንሶላዎች እየገለጠች፣ የተቀደደውን ለብቻ ትለያለች። የመጣው ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር፤ እፍረት ግን መጥፎ አማካሪ ነውና አፉን የከፈተው በወቀሳ ነው።

«ቅዳሜ አየሽኝ።»

«አየሁህ።»

«እንደማታውቂኝ አለፍሽ። ይሄን ያህል ነው የናቅሽኝ?»

አንሶላውን ወደ ብርሃኑ አነሳችው፤ ቀዳዳ ፈለገች፤ አላገኘችም። «ሰላም ብልህ ኖሮ ያቺ ሴትዮ ‹ማናት?› ትላለች። ‹ነርስ ናት› ትላለህ። ‹የት?› ትላለች። ከዚያ ወንድምህ ጋ ለመድረስ ስንት ጥያቄ ይቀራል? እዚህ የሚሠራ ሰው ውጭ ላይ ቀድሞ ሰላም አይልም። አዲስ ለሚገቡት መጀመሪያ የማስተምረው ይህን ነው። ሰላም ካሏችሁ እንደ ዘመድ ሳሟቸው፤ ካላሏችሁ ግድግዳ ሁኑላቸው። ግድግዳ ሆንኩልህ። የናቀ ሰው ይህን ሁሉ ይለፋል?»

መሐንዲሱ መሬት መሬቱን አየ።

«አንተ ሰላም ብትለኝ ግን» አለች፤ ድምፅዋ እዚያ ጋ ሸካራ ሆነ፣ «እዚያው መንገድ ላይ ብርቱካኔን ጥዬ ነበር የምጨብጥህ። አንተ ‹አላውቃትም› አልክ። ሰምቻለሁ።»

«ምን ልበል ታዲያ? እምቢ ያለችኝን ሴት ምኔ ናት ልበል?»

«መቼ ነው እምቢ ያልኩህ?»

«‹የወንድምህ ነርስ ነኝ› አላልሽኝም?»

«‹ወንድምህ እዚህ እያለ› ነው ያልኩህ!» አንሶላው ከእጇ ወደቀ። «እዚህ እያለ! አንተ ሰው፣ እንዴት…»

ከመመገቢያ አዳራሹ የመስታወት ስብራት ተሰማ፤ ተከትሎም የአንዲት ወጣት ነርስ ጩኸት።

ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ሲጠፋ አየ። አልሮጠችም። ሰፋ ሰፋ ባለ እርምጃ ወጣች፤ እሱም ተከተላት።

አዳራሹ ጥግ ላይ «ሾፌር» የሚሉት ግዙፍ ታካሚ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ቆሟል። በአንድ ዘመን የአውቶብስ ሹፌር ነበር። በእጁ የተሰበረ ወንበር እግር ይዟል፤ የመስኮቱ መስታወት ረግፎ ባዶ እግሩ ሥር ተበትኗል። ዘበኛውና ሁለት ወንድ ነርሶች በሦስት በኩል እየተጠጉት ነው። ቴሌቪዥኑ እላዩ ላይ ይጮሃል።

«ቀስ» አለች።

ለታካሚው አልነበረም፤ ለዘበኛውና ለነርሶቹ ነው። «አንተ፣ ቆብህን አውልቅና በረንዳው ላይ ጠብቀኝ። እናንተም ወደ ኋላ። ቴሌቪዥኑን አጥፉልኝ።» ከዚያ ጠረጴዛ ሥር የተሸጎጡትን ታካሚዎች አየች። «ራዲዮ፣ ሰዎቹን ወደ ግቢ ይዘህልኝ ውጣ።»

መሐንዲሱ ወንድሙን ሊይዘው እርምጃ ጀመረ። ራዲዮ ግን ተነሳ። አንዱን ሽማግሌ በክንዱ ያዘ፤ ሌላውን በቀልድ ጎሰም አደረገ። «ኑ፣ ውጭ ፀሐይ በነጻ ነው» እያለ፣ እንደ ዶሮ ጫጩት ሰብስቦ አወጣቸው።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሲስተር ከበሩ ራቅ ብላ፣ መውጫው ለሾፌር ክፍት እንዲሆን፣ አግዳሚው ላይ በጎን ተቀመጠች። ፊት ለፊት አላየችውም።

«ሾፌር፣ መንገድ ዘጉብህ አይደል?»

«ዘጉብኝ! ከአራቱም ማዕዘን!»

«ይኸው ተከፈተ። መውጣት ከፈለግህ በሩ ያው፤ የሚነካህ የለም። እኔን ያሳሰበኝ እግርህ ነው። መስታወት ረግጠሃል።»

ሾፌር ወደ ታች አየ። ደሙን ያየው ያን ጊዜ ገና ነው። ግዙፉ ሰውነቱ እንደ ተነፈሰ ጎማ ዝቅ አለ። የወንበሩን እግር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ያማል» አለ፣ በሕፃን ድምፅ።

«አዎ፣ ያማል። ባለህበት ሁን፤ እኔ እመጣለሁ።»

ስብርባሪውን ጠርጋ፣ ወንበር አቅርባ፣ በርከክ ብላ እግሩን አጠበችለት። ማሰሪያውን ስትጨርስ ግድግዳ ተደግፋ ወደምታለቅሰው ወጣት ነርስ ሄደች። አልተቆጣችም። «ምን ሆነ?» ብላ ብቻ ጠየቀቻት።

«ሳይጨርስ… ሳህኑን ከፊቱ አነሳሁበት። የጨረሰ መስሎኝ።»

«እሺ። ነገ ሳህኑን አንቺ ታቀርቢለታለሽ፤ እኔ ጎንሽ እቆማለሁ። አሁን ፊትሽን ታጠቢና ሻይ ጠጪ። ሙያሽን እንዳትጠዪው፤ ዛሬ ያወቅሽውን ከሌላ ቦታ አታገኚውም።»

መሐንዲሱ ብዙ ባለሥልጣን አይቷል። ሰው እያዋረደ የሚያዝ አይቷል፤ ሰው እየፈራ የሚያዝም አይቷል። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ከፍርሃት አውጥቶ፣ ጥፋተኛዋን እንኳ ቀና አድርጎ የሚያቆም አዛዥ ግን ገና ዛሬ ማየቱ ነው።

ወደ አንሶላው ክፍል ሲመለሱ በሩን ዘጋችና እጆቿን በአንሶላ ክምር መካከል ሸጎጠች። ይንቀጠቀጡ ነበር። ሊይዛቸው እጁን ዘረጋ።

«አትንካኝ። ያልፍልኛል።»

እስኪያልፍላት ቆመው ጠበቁ።

«ራዲዮን አየኸው?» አለች በመጨረሻ። «በዚያ ሁሉ መሐል ሰዎቹን እንዴት ይዟቸው እንደወጣ?»

«አየሁት።»

«ክረምቱ ሳይገባ ነው ቤቱ ይግባ ያልኩህ። ቆይ አልከኝ። ለእህትህ ብለህ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

መዋሸት ይችል ነበር። እህቱ በቂ ምክንያት ናት፤ ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን የሚንቀጠቀጡትን እጆች ካየ በኋላ ውሸቱ አልወጣ አለው።

«ለእህቴ ብቻ አይደለም። እሱ ከወጣ… አንቺን በምን ሰበብ ነው የማይሽ?»

 ቀስ በቀስ ገባት። ሲገባት ያየው ፊት ዕድሜውን ሙሉ አይጠፋውም።

«ወንድምህን ሰበብ አደረግከው?»

«እኔ…»

«እኔ የሚወጣበትን ቀን እጠብቃለሁ! ያን ቀን የማንም ነርስ አልሆንም፣ ሴት ሆኜ ነው የማናግረው እያልኩ። አንተ ደግሞ እኔን ለማየት ብለህ በር ትዘጋበታለህ። እኛ ስንጠባበቅ የሚያልቀው የማን ዕድሜ ነው? የእሱ!»

«አላወቅሁም። በእግዜር፣ አላወቅሁም።»

«እኔም ያው ነኝ» አለች፤ አሁን እንባዋ ይወርድ ነበር፣ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «ሌላ ቤተሰብ ቢሆን ቤታቸው ድረስ ሄጄ እጣላ ነበር። ሄጄም አውቃለሁ። ያንተ ቤት ሲሆን አፈርኩ። ለራሷ ብላ ነው የምታጣድፈው እንዳልባል ፈራሁ። ስንት ዓመት ስሠራ ታካሚዬን ለራሴ እፍረት የሸጥኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።»

 

ፊቷን በክንዷ ጠረገች። «አሁን ይሂዱ» አለችው።

«እርስዎ» ስትለው የሚሰማ ሰው አልነበረም። ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ከተናገረችው ሁሉ ልቡን የቆረጠው እሱ ነው።

*

እሑድ የእህቱ እጮኛ ቤተሰቦች ምሳ ተጠርተው መጡ። እናቱ ጥሩውን ሳህን አውጥታለች። እህቱ ከእጮኛዋ ጎን ተቀምጣ ጉንጯ እስኪያማት ትስቃለች።

«ውጭ ያለው ልጅሽስ? ለሠርጉ ይደርሳል?» አለች የእጮኛዋ እናት።

«እህ፣ እሱ እንኳ ሥራው…»

«ውጭ አገር አይደለም» አለ መሐንዲሱ።

«ልጄ፣ ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው።»

«እማዬ፣ ይብቃን።» ሹካውን አስቀመጠ። «እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። አእምሮውን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አሁን ተሽሎታል። ነገ አመጣዋለሁ። ያን ቀን መንገድ ላይ ያየናት ሴት የክፍሉ ዋና ነርስ ናት። አላውቃትም ያልኳችሁ ዋሽቼ ነው። እወዳታለሁ። እሷ ትውደደኝ አትውደደኝ ግን አሁን አላውቅም።»

ማንም አልጮኸም። ጩኸት ቢሆን ይሻል ነበር። የእጮኛዋ እናት አፏን በጨርቅ ጠረገች፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሳይመሽ ይሻላል ተባለ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። እጮኛው ጫማውን እያየ ወጣ።

«ቤቴን አፈረስከው!» አለች እናቱ በሩ እንደተዘጋ። «ያቺ ናት ያስተማረችህ! ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር…» ተረቱን አልጨረሰችውም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እኔስ ልጄን ጠልቼ ይመስልሃል?» አለች ከውስጡ። «ስሙን በሰው ፊት የማልጠራው የሚስቁበት እየመሰለኝ ነው።»

እህቱን ኮሪደሩ ላይ አገኛት። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንዴ እንኳ ሳትጠይቀኝ?»

«ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር። አጥፍቻለሁ።»

«አጥፍተሃል» አለች። ክንዷ ላይ ብርድ ልብስ ተሸክማለች። «አሁን አታናግረኝ። የራዲዮን አልጋ ላነጥፍ ነው።» አልፋው ገባች። በሩን ዘግታ ስታለቅስ እየሰማ፣ ደስታና ጸጸት በአንድ ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚያድሩ እያሰበ ቆመ።

*

ሰኞ ጠዋት ዘበኛው ራዲዮ ሲገባ የተረከቡትን ዕቃ በጨርቅ ከረጢት አመጣ፤ ቀበቶ፣ የቆመ ሰዓት፣ ጫማና ከጫማው የወጣ ማሰሪያ። ክፍሉ ውስጥ ማሰሪያ ስለማይፈቀድ ራዲዮ እስካሁን የሚጎተት ነጠላ ጫማ ነው የሚያደርገው።

«ትሄዳለህ ማለት ነው?» አለ ዘበኛው። «አሁን እኛ ዜና ከማን እንስማ?»

«ሾፌርን ጠይቀው» አለ ራዲዮ። «እሱ ብዙ አገር አይቷል።» ሊሰናበተው ወደ ውስጥ ሄደ።

መሐንዲሱ የሲሚንቶው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አንዱን ጫማ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ማሰሪያውን ከታችኛው ቀዳዳ ማስገባት ጀመረ። ጫፉ ተፈታትቶ አልገባ አለው፤ በምላሱ አርጥቦ ሲያሾለው ጥላ ወደቀበት። ሲስተር ነበረች። መድኃኒቱን በወረቀት ከረጢት ይዛለች።

«ጠዋትና ማታ ነው፤ እሱ ራሱ ያውቀዋል» አለች። «አንተ እንቅልፉን ተመልከትለት። እንቅልፍ ካጣ፣ ብቻውን መብላት ከጀመረ ሳትውል ሳታድር አምጣው። ማምጣት ሽንፈት አይደለም።»

«እሺ።»

«ቤትስ?»

«ተኳርፈናል። እናቴ አታናግረኝም። የእህቴ ሰውዬ እስካሁን አልደወለም።»

ዓይኗን ጨፈነች። ድል የሚመስል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም። «እህትህ ታሳዝነኛለች» አለች። ቆየችና «የእኔንና የአንተን ነገር ዛሬ አትጠይቀኝ» አለች። «ተቆጥቼብሃለሁ። በራሴም ተቆጥቻለሁ። ሁለቱ ቁጣ መለየት አለባቸው።»

«አልጠይቅሽም።»

ከውስጥ የራዲዮ ድምፅ ይሰማል፤ ሾፌር ይስቃል። መሄድ ትችል ነበር፤ የሚጠብቃት ሥራ ሞልቷል። የመድኃኒቱን ከረጢት አግዳሚው ላይ አኖረችና ከጎኑ ተቀመጠች። ሁለተኛውን ጫማ አነሳች። ጎን ለጎን ሠሩ። ክራቸው ሲያጥር ሲረዝም፣ እሷ ፈታ አድርጋ ታስተካክላለች፤ እሱ እጆቿን ያያል፤ አሁን አይንቀጠቀጡም። አንዴ ክርናቸው ተነካካ። ማናቸውም አልሸሹም።

የመጨረሻውን ቀዳዳ አሳለፈች፤ ሁለቱን ጫፎች ለክታ እኩል አደረገች፤ ለእግር እንዲመች የጫማውን ምላስ ገለበጥ አድርጋ ተወችው። ጎንበስ ብላ ጫማውን ከጓደኛው አጠገብ አስቀመጠችው።